ሰልፉን የሚያሳጥረው የዙር ጊዜ ነው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
ለሸገር ከተማ አስተዳደር
ለኦሮሚያ ክልል የትራንስፖርት ዘርፍ ኃላፊዎች
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ክቡራን፣

አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የሚሠራውን የታክሲ ሰልፍ ማየት ብቻ አይበቃም፤ መቁጠር ያስፈልጋል። ሰልፉ ላይ 180 ሰው አለ እንበል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። በየ4 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ ከመጣ፣ ሰልፉ የሚያልቀው በ15 ሚኒባስ ነው፤ መጨረሻ ላይ የቆመችው እናት የምትሳፈረው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው ማለት ነው። እዚያው ቦታ 70 ሰው የሚጭን አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ሳያቋርጥ ቢመጣ ያው ሰልፍ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሣል። አውቶቡሱ ግን በየ10 ደቂቃው አይመጣም። አንዳንዴ ለ40 ደቂቃ ይጠፋና ሁለቱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የፊተኛው በሩ እስከማይዘጋ ድረስ ሞልቶ፣ የኋለኛው ወንበሩ ሳይያዝ።

ይህን የምንጽፈው በከተማ ትራንስፖርት እቅድ፣ በስምሪትና በጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የሕዝብ ትራንስፖርት ችግር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ስንት አዲስ አውቶቡስ እንደተገዛ ወይም እንደሚገዛ የሚናገር ቁጥር ነው። ግዢው አያስፈልግም አንልም። ግን አውቶቡስ በብዛቱ ሰው አያደርስም፤ ሰው የሚያደርሰው በቀን የሚሠራው ዙር ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት የሸገር ከተማ አካባቢዎች ትራንስፖርታቸውን በዙር ጊዜ ይምሩ፣ ይህንንም የሁለቱን አስተዳደሮች ወሰን የሚሻገር አንድ የስምሪት ማዕከል ይሥራው።

የዙር ጊዜ ማለት አንድ አውቶቡስ ከመነሻው ተነሥቶ፣ ጫፍ ደርሶ፣ ጥቂት አርፎ፣ ተመልሶ ለሚቀጥለው ጉዞ እስኪዘጋጅ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም መሀል ከተማ የሚገባ 18 ኪሎ ሜትር መስመር እንውሰድ። በመጨናነቅ ሰዓት አውቶቡሱ በአማካይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደ፣ መሄጃው 90 ደቂቃ፣ መመለሻው 90 ደቂቃ፣ በሁለቱ ጫፎች የሚያርፈው 20 ደቂቃ፣ በድምሩ 200 ደቂቃ ይሆናል። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ለማስነሣት 20 አውቶቡስ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ያው አውቶቡስ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ መንገዱ ተመቻቸለት እንበል። ዙሩ 140 ደቂቃ ይሆናል፤ ለዚያው አገልግሎት 14 አውቶቡስ ይበቃል። 6 አውቶቡስ ያለ ጨረታ፣ ያለ ውጭ ምንዛሪ፣ ያለ ተጨማሪ ሾፌር ተገኘ። 20ዎቹንም በመስመሩ ላይ እንተዋቸው ካልን አንዱ ከሌላው በ7 ደቂቃ ይከተላል።

ስለዚህ የሚነሣው ጥያቄ ፍጥነቱን ምን ይበላዋል የሚለው ነው። ብዙ ሰው የመኪና መብዛት ይላል፤ እሱ አንድ ክፍል ነው። መስመሩን ሰዓት ይዞ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ግን ጊዜው የሚጠፋባቸውን ሌሎች ቦታዎች ያገኛቸዋል። አንዱ በሩ ላይ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ በር እየገባ ትኬት ቆራጩ ፊት ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለአንድ ሰው 4 ሴኮንድ ብቻ ብንይዝ እንኳ 50 ሰው ለማስገባት ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከመሳፈሩ በፊት የከፈለ ሰው በሁለት በር ቢገባና ለአንድ ሰው 2 ሴኮንድ ቢወስድ 50 ሴኮንድ ይበቃዋል። በአንድ ትልቅ ፌርማታ የሚተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። በመስመሩ ላይ እንዲህ ያሉ አራት ፌርማታዎች ካሉ በአንድ መንገድ ብቻ 10 ደቂቃ ተቀነሰ ማለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት ቀላል ነው። ሰው በሚበዛባቸው ፌርማታዎች በመጨናነቅ ሰዓት አንድ ሠራተኛ መሬት ላይ ቆሞ ትኬት ይቁረጥ፤ በስልክ የሚከፍለው ደግሞ በስልኩ ይክፈል። አውቶቡሱ ሲደርስ በሮቹ ሁሉ ይከፈቱ። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ትኬት ቆራጭ ከመሸጥ ይልቅ መቆጣጠር ይሁን ሥራው። ሁሌ የሚነሣው ሥጋት ሳይከፍል የሚገባው ይበዛል የሚል ነው። ይህ በእርግጥ ይከሰታል፤ በድንገተኛ ፍተሻና ግልጽ በሆነ ቅጣት ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ሆኖም ሳይከፍሉ በሚሄዱ ጥቂቶች የሚጠፋው ገቢ፣ አውቶቡሱ ቆሞ በሚያባክነው ጊዜ ከሚጠፋው ገቢ ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ይታይ። ሂሳቡ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ይታወቃል።

ሁለተኛው ፌርማታው የተሠራበት ቦታ ነው። መስቀለኛ መንገድ ከመድረሱ 20 ሜትር ሲቀረው የሚገኝ ፌርማታ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ያቆመዋል፤ መጀመሪያ ለተሳፋሪ፣ ከዚያ ለመብራቱ። ፌርማታው መስቀለኛውን ካለፈ በኋላ 30 ሜትር ያህል ርቆ ቢሠራ አንዱ መቆም ይቀራል። መጫኛው ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ደግሞ ርዝመቱ ወሳኝ ነው። 12 ሜትር የሆነ አውቶቡስ ጎኑን ከጠርዙ አስተካክሎ ለመቆም ከራሱ ርዝመት በላይ የሆነ ቀጥ ያለ ቦታ፣ በተጨማሪም ለመግቢያና ለመውጫ የሚሆን ሰያፍ ቦታ ይፈልጋል። አጭር ከሆነ የፊት በሩ ፌርማታው ላይ፣ የኋላ በሩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ አረጋውያን ከአስፋልት ላይ ይወጣሉ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰውም ሳይሳፈር ይቀራል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት አዳዲስ መጫኛዎች ከቀድሞው እጅግ የተሻሉ ናቸው፣ ይህን በአድናቆት እንናገራለን። የጎደላቸው ነገር ከባድ አይደለም፤ የትኛው ቁጥር አውቶቡስ እዚያ እንደሚቆም፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ በመሀሉ በየስንት ደቂቃ እንደሚመጣ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ነው። ሚኒባስም አውቶቡስም በአንድ መጫኛ ላይ ከተፈቀደላቸው አውቶቡሱ ሁሌም ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነው የሚቆመው። ሁለቱ ይለዩ፤ የአውቶቡሱ ከፊት፣ የሚኒባሱ ከኋላ።

ሦስተኛው የአውቶቡስ ብቻ መስመር ነው። በቀለም የተሠመረ መስመር ብቻውን መስመር አይሆንም። ቀኝ ዳር የተሠመረውን ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ፣ ደንበኛ የሚጠብቅ ሜትር ታክሲ፣ ሰው የሚያወርድ የቤት መኪና ይይዘዋል። ከመንገዱ መሀል የተሠራ የተሻለ ይከበራል፤ ነገር ግን መሀል ላይ መሳፈሪያ፣ መሻገሪያና ከፍ ያለ በጀት ይጠይቃል፤ በአንዳንድ ጎዳናዎችም መሀሉ በቀላል ባቡሩ ተይዟል። ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታቀደው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ለዓመታት በእቅድ ላይ ያለ ነው፤ እሱ እስኪደርስ ግን ከተማው መጠበቅ የለበትም። ሙሉውን ጎዳና ለአውቶቡስ መለየት በማይቻልበት ቦታ፣ ከሚጨናነቀው መስቀለኛ በፊት ያለውን 150 ሜትር ብቻ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ለአውቶቡስ መለየት ይቻላል። ትልቁ ጊዜ የሚጠፋው በዚያ 150 ሜትር ላይ ነውና። አደባባዮች በትራፊክ መብራት በተተኩባቸው ቦታዎች ደግሞ አውቶቡሱን ከሌላው መኪና በፊት ለጥቂት ሴኮንዶች የሚለቅ መብራት መጨመር ይቻላል። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ በሚያስተናግድበት መስቀለኛም ያው ነው፤ ለአውቶቡስ ቅድሚያ እንዲሰጥ የተጻፈ መመሪያ ከተሰጠው ያደርገዋል።

አውቶቡሶቹ ለምን ተከታትለው ይመጣሉ? ተሳፋሪው ሾፌሮቹ ተጠራርተው የሚሄዱ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በ10 ደቂቃ ልዩነት የሚጓዙ አውቶቡሶች አሉ እንበል። አንዱ በመጨናነቅ 2 ደቂቃ ዘገየ። ፌርማታው ላይ አሁን የ10 ሳይሆን የ12 ደቂቃ ሰው ተጠራቅሟል፤ ለማሳፈር ይበልጥ ይቆያል፣ ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ የ8 ደቂቃ ሰው ብቻ ያገኛል፤ ቶሎ ይነሣል፣ እየቀረበ ይመጣል፣ ይደርስበታል። አንድ ጊዜ ከተጣመሩ እስከ ጫፍ አይለያዩም። በየ10 ደቂቃው መምጣት የነበረበት በየ20 ደቂቃው ጥንድ ሆኖ ይመጣል፤ የተሳፋሪው አማካይ ጥበቃም ከ5 ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል፤ አንድም አውቶቡስ ሳይቀነስ።

መድኃኒቱ ያለው በስምሪት ሠራተኛው እጅ ነው። ጫፍ ላይ የሚደርስ አውቶቡስ ሾፌሩ ሲዘጋጅ ሳይሆን ፊተኛው በሄደበትና በተወሰነው ልዩነት መሠረት ይነሣ። በመስመሩ መሀል ደግሞ አንድ የመጠበቂያ ፌርማታ ይኑር፤ ፊተኛውን የደረሰበት አውቶቡስ እዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይያዝ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ሾፌሩ ምክንያቱን ጮክ ብሎ ቢናገር ግን አብዛኛው ይረዳል። ጫፍ ላይ ያለው 10 ደቂቃ ዕረፍት የሚቆረጥ ትርፍ ጊዜ እንዳይመስል እንለምናለን። የዘገየውን ጉዞ የሚውጠው፣ ሾፌሩንም የሚያሳርፈው እሱ ነው። እሱ ሲጠፋ የጠዋቱ መዘግየት እስከ ማታ ይዘልቃል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ እንምጣ፤ ያለ እሱ የዚህች ከተማ ትራንስፖርት የለምና። መስመር መቆራረጥ የሚባለው ችግር በቅጣት ብቻ ለዓመታት ሲታገሉት ያልጠፋው ምንጩ በሂሳቡ ውስጥ ስላለ ነው። ሾፌሩ ለባለንብረቱ በቀን የሚያስገባው የተወሰነ ገንዘብ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከነዳጅና ከረዳቱ ድርሻ ተርፎ የእሱ ነው። ታሪፉ ደግሞ በርቀት እርከን የተሠራ ነው። አንድ ረጅም መስመር ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ ግማሽ ወደሚቀጥለው እርከን ከፍ ብሎ ይታሰባል፤ ሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ ብዙ ጊዜ ከሙሉው ይበልጣሉ። ጠዋት ከጀሞ ሜክሲኮ ሞልቶ የመጣ ሚኒባስ ሲመለስ ሦስት ሰው ይዞ ነው፤ ሙሉውን ከመመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ዞሮ ሌላ 12 ሰው መጫን ይሻለዋል። ቅጣቱ ሲመጣ እንደ ነዳጅ ወጪ አድርጎ ያስበዋል። ጥፋቱን አናጸድቅም፤ በየፌርማታው ሁለት ጊዜ የሚከፍለው የቀን ሠራተኛ ነው የሚጎዳው። ግን ሂሳቡ ካልተለወጠ ታፔላ መመልከትና ታርጋ መመዝገብ ብቻ አይፈታውም።

የሂሳቡ መለወጫ በሠራው ኪሎ ሜትር መክፈል ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከስምሪት ማዕከሉ ጋር ውል ይገባሉ፤ ገቢው ወደ አንድ ቋት ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ሚኒባስ የሚከፈለው ባጠናቀቀው ዙር ልክ ነው። ባዶ የተመለሰበትም ኪሎ ሜትር ይቆጠርለታል። ይህ ሁሉንም መስመር በአንድ ቀን አይይዝም፤ በሁለት መስመር መጀመር ይበቃል። ገንዘቡን ለማድረስ አዲስ ዘዴ መፍጠርም አያስፈልግም። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች በቴሌብር ሲሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ለይቶ ገንዘብ ማድረስ እንደሚቻል ታይቷል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ድጎማ ከተቀዳው ሊትር ጋር ሳይሆን ከተሠራው ዙር ጋር ይታሰር። ተሽከርካሪው ውስጥ ያለ የአቅጣጫ መጠቆሚያ መሣሪያ (ጂፒኤስ) ዙሩን ይመሰክራል።

ሚኒባሱ የሚጠቅምበትም ቦታ መለየት አለበት። ሰው በሚበዛበት ዋና ጎዳና 12 ሰው የሚጭን መኪና ከ70 ሰው አውቶቡስ ጋር መንገድ መጋፋቱ ለሁለቱም ኪሳራ ነው። በጠባቡ የውስጥ መንገድ፣ ከኮንዶሚኒየም ግቢ እስከ ባቡር ጣቢያ ባለው አምስት ኪሎ ሜትር ግን የሚተካው የለም።

ይህ ወደ ቀላል ባቡሩ ይወስደናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከቃሊቲ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ይዞ ነበር። ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው እንደቆዩ የዘርፉ ኃላፊዎች በተለያየ ጊዜ ለሕዝብ የተናገሩት ነው። እኛ ማንሣት የምንፈልገው የሚያስፈልገው ቁጥር ስንት እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ መስመር በግምት 17 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆመውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መሄጃው 51 ደቂቃ ይሆናል፤ ደርሶ መልሱ ጫፍ ላይ የሚቆየውን ጨምሮ 112 ደቂቃ። በየ10 ደቂቃው ለመላክ በአንድ መስመር 12፣ በሁለቱ 24 ባቡር ያስፈልጋል። 3 ለመጠባበቂያ ሲጨመር 27። ከ41ዱ 27ቱን በጤና ማቆየት ከተቻለ የተከበረ የ10 ደቂቃ አገልግሎት ይኖራል ማለት ነው።

ለዚህ ደግሞ የመለዋወጫ ውጭ ምንዛሪ በየግዢው የሚለመን መሆኑ ቀርቶ በዓመት የተወሰነና የማይነካ መሆን አለበት። ባቡር የሚያቆሙት ዕቃዎች ብዙዎቹ አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። ሹል ኩርባ ባለበት ሐዲድ ላይ የመንኮራኩሩ ከንፈር፣ ማለትም ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ፣ ይበላል፤ በጊዜው ተላጭቶ ካልተስተካከለ ከመጠን በታች ይቀጥንና መቀየር ግድ ይሆናል። ኩርባውን በቅባት መጠበቅ፣ መንኮራኩሩን በተወሰነ ኪሎ ሜትር ልዩነት መለካትና መዝግቦ መያዝ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚያልቀውን ዛሬ ማዘዝ ይቻላል። ዕቃው ካለቀ በኋላ የተጀመረ ግዢ ባቡሩን ለወራት ያቆመዋል፤ የቆመው ባቡር ደግሞ ለሌሎቹ ዕቃ እየተፈታለት ከጥገና በላይ ይሆናል። ይህን አካሄድ በአውቶቡስ ጋራዥም እናውቀዋለን። በአንድ መስመር ላይ አራት ዓይነት ሞዴል የሚያሰማራ ድርጅት አራት ዓይነት መጋዘን መያዝ አለበት፤ ስለማይችልም አራቱም ይጎድላሉ።

ባቡሮቹ ጥቂት በሆኑበትም ጊዜ በሰዓት ሰሌዳ ብቻ የሚገኝ ጥቅም አለ። ሁለቱ መስመሮች ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ ጣቢያዎች ላይ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ በየ15 ደቂቃው ቢመጣና በእኩል ልዩነት ቢፈራረቁ በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች በየ7 ደቂቃ ተኩል ባቡር ይኖራል። ካልተለያዩ ሁለቱ ተከታትለው ገብተው ጣቢያው ለሩብ ሰዓት ባዶ ይቀራል።

የባቡሩ ትልቁ ጉድለት ግን ጫፎቹ ላይ ነው። አያት ላይ የሚያበቃው ሐዲድ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ አይደርስም፤ ቃሊቲ ላይ የሚያበቃውም ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አይደርስም። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የሚኖሩት ከጫፉ በኋላ ነው። እዚያ ከባቡሩ መድረሻ ሰዓት ጋር የተያያዘ አውቶቡስ፣ ከጣቢያው በር ከ100 ሜትር ባልራቀ ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ትኬቱም አንድ ይሁን፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ ከባቡር ወደ አውቶቡስ ለሚለወጥ ሰው ሁለተኛ ክፍያ አይጠየቅ። ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ብለው እስከ መሀል ከተማ በአንድ ተሽከርካሪ የሚንጠለጠሉ ሰዎች ናቸው ዋናውን ጎዳና የሚያጨናንቁት።

ወሰኑን በሚመለከት በግልጽ እንጻፍ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ይዞ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከቦ ነው። ጠዋት ከሰበታ ተነሥቶ ሜክሲኮ ሥራ የሚገባ ሰው አንድ ጉዞ ነው የሚጓዘው። ስምሪቱን የሚያወጡት፣ ታሪፉን የሚወስኑት፣ ተሽከርካሪውን የሚመዘግቡት ግን ሁለት አካላት ናቸው። መሥራት የሚችልበት ክልል ወሰኑ ላይ የሚያበቃ ተሽከርካሪ መንገደኛውን እዚያ ያወርደዋል፤ መንገደኛው እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። ለተሽከርካሪውም ወሰኑ ላይ ዞሮ ባዶ መመለስ ነው ትርፉ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1965 የተለያዩ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች በአንድ ታሪፍና በአንድ ሰዓት ሰሌዳ ስር የሚሠሩበት ኅብረት ተቋቋመ፤ ድርጅቶቹ ንብረታቸውን እንደያዙ ነው፣ የተጋራው እቅዱ፣ ትኬቱና የገቢው ክፍፍል ነው። ዳካር እ.ኤ.አ. በ1997 ለመላው አካባቢዋ አንድ የትራንስፖርት ምክር ቤት አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረውና 18 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የኤሌክትሪክ ፈጣን አውቶቡስ በእሱ አመራር የተገነባ ነው። ሌጎስም እ.ኤ.አ. በ2008 የፈጣን አውቶቡስ መስመሯን ስትጀምር አስቀድማ ለከተማው አካባቢ ሁሉ አንድ ባለሥልጣን አቋቁማ ነበር። ተቋሙ ከአውቶቡሱ መቅደሙን ልብ ይሏል።

እዚህም አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መቆየት አያስፈልግም። ሁለቱ አስተዳደሮች በመግባቢያ ሰነድ በአምስት መስመር ላይ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ከሰበታ በዓለም ገናና አየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከቡራዩ በአስኮና ዊንጌት አውቶቡስ ተራ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ ፒያሳ፣ ከለገጣፎ በካራና ኮተቤ መገናኛ፣ ከገላን በቃሊቲና ሳሪስ ለገሃር። በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚሠራ ተሽከርካሪ የየትኛውም አስተዳደር ቢሆን አንድ ታፔላና አንድ ታሪፍ ይኑረው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ። ወጪው በቀላል ቀመር ይከፈል፤ እያንዳንዱ አስተዳደር በራሱ ወሰን ውስጥ በተሠራው ኪሎ ሜትር ልክ። ገቢው ደግሞ በተሳፈረው ሰው ልክ። በሦስት ወር አንዴ ሂሳቡ ተጣርቶ ለሕዝብ ይገለጽ። ቀመሩ ቀድሞ ካልተጻፈ መስመሩ በመጀመሪያው የበጀት ክርክር ይቆማል።

ስለ ማደሪያና ጋራዥ ጥቂት እንጨምር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከኮዬ ፈጬ የሚነሣ አውቶቡስ ሌሊት ያደረው የካ ወይም ሸጎሌ ከሆነ፣ መነሻው ለመድረስ ከተማዋን ባዶውን ያቋርጣል፤ ማታም እንዲሁ። ጥበቃ፣ መብራት፣ የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ መሙያ ያለው ቀላል ማደሪያ በመስመሩ ጫፍ ቢሠራ ያ ባዶ ኪሎ ሜትር ይተርፋል። ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይህ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ ባዶ የተሄደው ኪሎ ሜትር ከባትሪው ይቀነሳልና። አዲስ አበባ ያለችበት ከፍታ የናፍጣ ሞተርን ጉልበት ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርን አይነካውም፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለው ዓይነት ዳገት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ቁልቁለቱም ባትሪውን ጥቂት ይመልስለታል። የማደሪያው ቦታ ሲመረጥ ወንዝ ዳር አይሁን። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ለጀመረችው ፈጣን አውቶቡስ ዋናውን ማደሪያ ጃንጓኒ በተባለ የጎርፍ ሜዳ ላይ ሠርታ፣ ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ግቢው በጎርፍ እየተመታ ብዙ አውቶቡሶች ተበላሽተውባታል። አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ ቦታ ሲታይ ይህ ይታሰብ።

መለካቱ የሚጀመረው መቼ ነው? በግንቦት ይሁን። በሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ መንገዱ ይቀላል፤ በዚያ ጊዜ የተወሰደ ልኬት ያታልላል፣ መስከረም ላይ እቅዱ ይፈርሳል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ትልቅ ፌርማታ ሁለት ቆጣሪ ይቁም። አንዱ በየ15 ደቂቃው የተሳፈረውን፣ ሌላው ሳይሳፈር የቀረውን ይጻፍ። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ትኬት ላይ ስለማይታይ ያልተሳፈረው ሰው በመዝገብ ላይ የለም፣ ስለዚህ አውቶቡስ የሚጎድልበት መስመር ሰው የሌለበት ይመስላል። ሌላ ቆጣሪ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ሰዓት ይያዝ፤ ከፌርማታ የቆመበትን፣ መብራት ላይ የቆመበትን፣ የተጓዘበትን ለየብቻ። አውቶቡሱ በጣም የሚሞላበት ቦታ ይታወቅ፤ የአውቶቡሱ ቁጥር የሚወሰነው በዚያ ቦታ በሚያልፈው ሰው ነው። በዚያ ቦታ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 1,400 ሰው የሚያልፍ ከሆነ 70 ሰው የሚጭን አውቶቡስ በሰዓት 20፣ ማለትም በየ3 ደቂቃው መምጣት አለበት። ያን ያህል ማቅረብ ካልተቻለ ተጣጣፊ አውቶቡስ ወይም ባቡር የሚፈልግ መስመር መሆኑ በማስረጃ ታወቀ።

ከዚህ ተነሥተን የምንጠይቀው እነሆ። የአምስቱ መስመሮች የዙር ጊዜ በግንቦት ተለክቶ በሰኔ ለሕዝብ ይገለጽ። በክረምቱ የመግባቢያ ሰነዱ ይፈረም፣ ፌርማታዎቹ ይስተካከሉ፣ የመሬት ላይ ትኬት ሻጮችና የስምሪት ሠራተኞች ይሠልጥኑ። በመስከረም የትምህርት መክፈቻ ሳምንት፣ ከሰበታ ሜክሲኮና ከለገጣፎ መገናኛ ያሉት ሁለቱ መስመሮች በአንድ ታሪፍና በተጻፈ የሰዓት ልዩነት ሥራ ይጀምሩ፤ ሦስቱ በጥር ይከተሉ። የዙር ጊዜው በየወሩ እንደገና ይለካ፤ ከፍ ካለ ምክንያቱ፣ ዝቅ ካለም የተረፉት አውቶቡሶች ወዴት እንደተላኩ በየፌርማታው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ቆጣሪዎቹን ለማሠልጠን፣ ቅጹን ለማዘጋጀትና የመጀመሪያውን ልኬት ለማጣራት ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። ቀኑን ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ ትራንስፖርት እቅድ፣ ስምሪትና ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ